የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊደሉ ጥያቄ ምልክት ሲሆን፣ ኢሜይሉ መንገድ ላይ ሲቀር

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በግላቸው ድረ ገጽ እየሠሩ ከሚተዳደሩ አንባቢዎቻችን የመጡ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ የላኩልን ብዙ ስለሆኑ ሁለቱን በሰፊው መልሰናል።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ? የደንበኛዬን ድረ ገጽ ወደ አዲስ ሰርቨር ካዛወርኩ ወዲህ አማርኛው ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆኗል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይታያል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ገጹ በፒኤችፒ የተሠራ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ያውጡና ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ። አሮጌው ሰርቨር ገና ካልተዘጋ እንዳይዘጋ ያድርጉ። በዚህ ዓይነት ችግር ጽሑፍ ለዘለዓለም የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ጥገና ነው።

ከዚያ ምልክቶቹን ይለዩ። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት ነው። ከላያቸው ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ከታዩ ባይቶቹ (ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያስቀምጥባቸው ቁጥሮች) አልጠፉም፤ የተነበቡት ግን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይር ሥርዓት) ነው። ጥያቄ ምልክቱ ግን ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ጽሑፉ ሲገባ ጠፍቷል፣ ወይ በደኅና ተቀምጦ ሲወጣ ብቻ ይበላሻል። በዓይን አይለይም።

የሚለየው ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠውን ባይት በማየት ነው። ሄክስ (HEX፣ የተቀመጠውን ባይት እንዳለ የሚያሳይ) የሚለውን ፈንክሽን በአንድ የተበላሸ መስመር ላይ ያሂዱ። የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት በዩቲኤፍ8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው ኢንኮዲንግ) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ኢ1 (E1) ነው። ስለዚህ ውጤቱን እንዲህ ያንብቡት።

ተደጋጋሚ 3ኤፍ (3F) ካገኙ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ራሱ ጥያቄ ምልክት ነው። ከዚህ የሚመለስ ነገር የለም፤ ከአሮጌው ሰርቨር እንደገና ማምጣት ብቻ ነው።

ኢ1 ካገኙና ገጹ ጥያቄ ምልክት ካሳየ የተበላሸው በፒኤችፒና በዳታቤዙ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የሚገናኙት በፒዲኦ (PDO) ከሆነ በግንኙነቱ መስመር ላይ ቻርሴቱን (ኢንኮዲንጉን) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4፣ የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ8) ያድርጉት፤ በማይኤስኪውኤልአይ (mysqli) ከሆነ ግንኙነቱ እንደተከፈተ «ሴት ቻርሴት» (set_charset) የሚለውን ይጥሩ። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል።

ኢ1 ካገኙ፣ ኮለሙ (ጽሑፉ ያለበት የቴብሉ ዓምድ) ግን ላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የቆየ ኢንኮዲንግ) ተብሎ የተሰየመ ከሆነ፣ ትክክለኛው ባይት በተሳሳተ ስም ተቀምጧል ማለት ነው። ኮለሙን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አይቀይሩት፤ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጥሮ በድጋሚ ይቀይረዋል። መጀመሪያ ወደ ብሎብ (ጥሬ ባይት ብቻ ወደሚይዝ ዓይነት)፣ ከብሎብ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጽሑፍ ይውሰዱት። ብሎብ ባይቱን ሳይነካ ስሙን ብቻ ያስለቅቃል።

ሲ3ኤ1 (C3A1) የሚል ካገኙ ደግሞ ያ ድርብ ቅየራ ቀድሞ ተፈጽሟል። መመለሻው ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ ጽሑፉን ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ባይነሪ (ጥሬ ባይት)፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4። ይህን በቅጂው ላይ፣ ያውም በአንድ መስመር ላይ ሞክረው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ዋናው ይሂዱ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንጨምር። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» የሚባለው የቆየ ስም በፊደል ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። ለአማርኛ ይበቃል፤ 4 ባይት የሚፈልገው ኢሞጂ ሲመጣ ግን ኤረር ይሰጣል ወይም ጽሑፉን እዚያው ላይ ይቆርጠዋል። ሁልጊዜ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይምረጡ። ከማይኤስኪውኤል 8.0 ጀምሮ ነባሪው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ነባሪው ላቲን1 ስለነበር ነው የቆዩ ድረ ገጾች ሲዛወሩ እንዲህ የሚሆኑት። በአሮጌ ሥሪት ላይ 255 ፊደል ያለው ኮለም ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ሲሠሩ ቁልፉ ረዘመ የሚል ኤረር ከመጣ ደግሞ ምክንያቱ የ767 ባይት ገደብ ነው፤ ኢንዴክሱን በ191 ፊደል ይወስኑት።

ዳታቤዙን ካስተካከሉ በኋላ የፍለጋ ሳጥኑንም ይመልከቱት። አንዱ አንባቢ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ለየብቻ ያያቸዋል። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ኮለም መጨመር ነው፤ እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው ይቀየራሉ። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም ይጠቃለሉ። ተጠቃሚው የጻፈው ቃል ላይም ያንኑ ቅየራ ያድርጉ። ዋናውን ጽሑፍ ግን አይንኩት፤ ጸሐፊው በመረጠው ፊደል መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹ ላይ ያለው የመልእክት ቅጽ «ተልኳል» ይላል፤ ደንበኛዬ ዘንድ ግን ግማሹ አይደርስም። በራሴ ኢሜይል ስሞክረው አንዳንዴ ይደርሳል። ደንበኛዬ በጣም ተቆጥቷል።

መልስ፦ ከማንኛውም ነገር አስቀድመው ቅጹ የሚቀበለውን መልእክት ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ኢሜይሉ ከዚያ በኋላ ይላክ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ መልእክት እንዳይጠፋ ያደርጋል። ኢሜይሉን ተረጋግተው የሚያስተካክሉት ከዚያ ወዲያ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ብዙ ቅጾች «ከ» በሚለው ቦታ ላይ የጎብኚውን አድራሻ ያስገባሉ። መልስ ለመስጠት ይመቻል በሚል ነው። ተቀባዩ የኢሜይል ሰርቨር ግን የሚያየው የእርስዎ ሰርቨር በሌላ ድርጅት ዶሜይን ስም ደብዳቤ መላኩን ነው፤ ይህ ከአጭበርባሪ ሥራ አይለይም። ጎብኚው የሚጠቀምበት ዶሜይን ጥብቅ የዲማርክ (DMARC፣ ላኪው ያልተረጋገጠ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚል) መመሪያ ካለው ይጣላል፣ ልል ከሆነ ያልፋል። «አንዳንዴ ይደርሳል» ያሉት በዚህ ይመስለናል።

«ከ» የሚለው ላይ የደንበኛው ዶሜይን አድራሻ ይግባ፤ የጎብኚው አድራሻ «ሪፕላይ ቱ» ውስጥ ይቀመጥ። ደንበኛው «መልስ» ሲጫን ለጎብኚው ይሄድለታል። በቅጹ የኢሜይል መጻፊያ ቦታ ላይ የመስመር መቀየሪያ ምልክት ያለበትን አድራሻም አይቀበሉ፤ በዚያ ቀዳዳ የሌላ ሰው ስፓም በእርስዎ ቅጽ በኩል ይላካል።

ቀጥሎ የዶሜይኑ ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መረጃ የሚገኝበት መዝገብ)። በኤስፒኤፍ (SPF፣ በዶሜይኑ ስም መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች ዝርዝር) የሚታየው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሆስቲንጉ አንድ ሪከርድ ይሰጣል፣ የኢሜይል አገልግሎቱ ሌላ ይሰጣል፣ ሁለቱም ይለጠፋሉ። በአንድ ዶሜይን ላይ ሁለት የኤስፒኤፍ ሪከርድ ካለ ሁለቱም አይሠሩም። በአንድ መስመር ያዋህዷቸው። ሪከርዱ ሲነበብ የሚያስነሣው የዲኤንኤስ ፍለጋም ከ10 መብለጥ የለበትም፤ አገልግሎት በተጨመረ ቁጥር ይህ ሳይታወቅ ይሞላል።

ዲኪም (DKIM፣ በኢሜይሉ ላይ የሚገባ ዲጂታል ፊርማ) የሚያስፈልገው ኢሜይሉ ከሌላ ሳጥን ሲያልፍ ኤስፒኤፍ ስለሚሰበር ነው፤ ፊርማው ግን አብሮ ይጓዛል። 2048 ቢት ቁልፍ ይጠቀሙ። ቁልፉ የሚገባበት የቲኤክስቲ (TXT) የዲኤንኤስ ሪከርድ አንድ ቁራጭ ከ255 ፊደል ስለማይበልጥ ቁልፉ በሁለት ጥቅስ ተከፍሎ መግባት አለበት፤ አንዳንድ ፓነል ይህን በራሱ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ዲማርክን በመጨረሻ ያስገቡ፤ መጀመሪያ «ነን» (none፣ ምንም አይታገድ) በሚለው ደረጃ አድርገው ለጥቂት ሳምንት ሪፖርቱን ይዩ። የደንበኛው የሒሳብ ክፍል በሌላ አገልግሎት ደረሰኝ ይልክ እንደሆነ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው። በቀጥታ ወደ «ሪጀክት» (reject፣ ይታገድ) የሄደ ሰው የደንበኛውን ደረሰኞች ያግዳል።

ለመላክ የፒኤችፒን «ሜይል» ፈንክሽን ትተው በይለፍ ቃል የሚገባ ኤስኤምቲፒ (SMTP፣ ኢሜይል የሚላክበት ሥርዓት) በ587 ፖርት ይጠቀሙ። ሲጨርሱ ወደ ራስዎ ኢሜይል ልከው ሙሉ ሄደሩን (የኢሜይሉን የጉዞ መረጃ) ይክፈቱ፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ሦስቱም «ፓስ» (pass፣ አልፏል) ማለት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ ድረ ገጹ ካለቀ በኋላም «ይህችን ብቻ አስተካክልልኝ» ማለት አላቆመም። ጠቅላላ ዋጋ ተስማምተን ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ግን እየከሰርኩ ነው።

መልስ፦ ሰውየው ክፉ ካልሆነ ችግሩ ውሉ ላይ ነው። ውልዎ ምን እንደሚሠሩ ይዘረዝራል፤ ምን እንደማይሠሩ ግን ሳይናገር አይቀርም። ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይበልጣል። ጽሑፉንና ፎቶውን ማን ያቀርባል? በስንት ቋንቋ? የኢሜይል ሳጥን ማዘጋጀት ይገባበታል? የማሻሻያ ዙር ስንት ነው? (ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ዙር ማለት በአንድ ጽሑፍ ተጠቃሎ የመጣ አስተያየት እንጂ በየቀኑ የሚደወል ስልክ አይደለም።) ከርክክብ በኋላ የራስዎን ስህተት ለምን ያህል ጊዜ በነፃ ያርማሉ? 30 ቀን ተገቢ ነው፤ ግን ስህተትና አዲስ ፍላጎት ምን እንደሚለያያቸው ይጻፍ።

አሁን ላለው ደንበኛ በጎ ቃል ይምረጡ። ጥያቄው ሲመጣ እምቢ አይበሉ፤ «ይህ 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ከተስማሙ እስከ ሐሙስ አደርሳለሁ» ብለው በጽሑፍ ይመልሱ። ግማሹ ጥያቄ ያኔ ይቀራል፣ ግማሹ ይከፈልበታል።

ለወደፊቱ ቀብድ ሳይቀበሉ አይጀምሩ። ሥራውን ሲገምቱ እያንዳንዱን ክፍል ከ6 ሰዓት እስከማይበልጥ ድረስ ይከፋፍሉት፤ መከፋፈል ያቃተዎት ክፍል ገና ያልገባዎት ክፍል ነው። ለሙከራ፣ ለስብሰባና ለደብዳቤ ደግሞ ከኮዱ ሰዓት ቢያንስ ግማሹን ይጨምሩ። ዶሜይኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን በደንበኛው ስም ይመዝገብ። ክፍያ ለማስገደጃ ብሎ ዶሜይን መያዝ ስምን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል ጊት (የኮድ ለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም) ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማከማቻ አስገባሁት። ወዲያው ሰርዤ እንደገና ኮሚት አደረግሁ (ለውጡን ጊት ውስጥ መዘገብሁ)። በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። ጊት የቆየውን ሁሉ ይይዛል፤ የሰረዙት ፋይል በቀደመው ኮሚት ውስጥ አለ። ክፍት ማከማቻዎችን ቁልፍ ፍለጋ የሚያስሱ ፕሮግራሞች ስላሉ ቃሉ ተወስዷል ብለው ይነሡ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አሁኑኑ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። ከዚያ የዳታቤዙን የመግቢያ መዝገብ ይዩ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ከኮዱ አውጥተው ወደ ኢንቫይሮመንት ፋይል (ቅንብርን ከኮዱ ለይቶ ወደሚይዝ ፋይል) ይውሰዱና ፋይሉን በጊትኢግኖር (ጊት እንዳይከታተላቸው በሚፈለጉ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ይጻፉ። ጊትኢግኖር ጊት ቀድሞ የያዘውን ፋይል እንደማያስለቅቅ ያስታውሱ፤ «ካሽድ» በሚለው አማራጭ ከክትትል ማውጣት ያስፈልጋል። ታሪኩን በፊልተር ሪፖ (የጊትን ታሪክ በሚያጸዳ መሣሪያ) ማጽዳት የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ከእሱ ይጀምርና ቃሉን ሳይቀይር ሰዓታት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ የቀኝ እጄ አንጓ ይደነዝዛል። ላፕቶፕ ላይ በቀን 10 ሰዓት እሠራለሁ።

መልስ፦ ላፕቶፑን ከፍ አድርገው የላይኛው ጠርዙ ከዓይንዎ ትይዩ ይሁን፤ ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ይሰኩ። አንጓዎ ወደ ላይ ሳይቀለበስ ቀጥ ይበል፤ የኪቦርዱን የኋላ እግሮች ያጥፏቸው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ይመልከቱ፤ ይህ ለዓይን ነው። ድንዛዜው ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ግን ሐኪም ይዩ፤ የተጨነቀ ነርቭ በቆየ ቁጥር ለመዳን ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የጎን ሥራ እጀምራለሁ፣ አልጨርስም። አምስት ግማሽ ፕሮጀክት አለኝ። ትንሽና ጠቃሚ የሆነ፣ በሁለት ቅዳሜ የሚያልቅ ነገር ብትጠቁሙኝ?

መልስ፦ የደንበኞችዎን ዶሜይኖች የሚጠብቅ ፕሮግራም ይሥሩ። በየጠዋቱ የእያንዳንዱ ድረ ገጽ የቲኤልኤስ ሰርተፍኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) መቼ እንደሚያበቃ አይቶ 21 ቀን ሲቀረው ኢሜይል ይልክልዎታል። እድሳቱ አውቶማቲክ ነው ተብሎ የተተወ ሰርተፍኬት ሲቋረጥ ድረ ገጹን የሚከፍት ሁሉ የሚያየው ማስጠንቀቂያ ነውና ለሥራዎም ይረዳል።

መግቢያ ገጽ፣ የተጠቃሚ ምዝገባ፣ ያማረ ዳሽቦርድ አይጨምሩ፤ አምስቱ ፕሮጀክቶችዎ እዚያ ላይ የቆሙ ይመስለናል። አንድ የኤስኪውላይት (ያለ ሰርቨር የሚሠራ ትንሽ ዳታቤዝ) ፋይል፣ አንድ ቴብል፣ አንድ ስክሪፕት ይበቃል። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ዶሜይን ብቻ እያየ ሰርቨር ላይ ይዋል።

የሚያስቸግሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሰርተፍኬቱን ሲጠይቁ የዶሜይኑን ስም አብረው ካልላኩ ብዙ ድረ ገጽ የያዘ ሰርቨር የሌላውን ሰርተፍኬት ይሰጥዎታል፤ ቀኑም የተሳሳተ ይሆናል። የመጠበቂያ ጊዜውን 10 ሰከንድ ያድርጉ፤ ካልሆነ አንድ የሞተ ሰርቨር ሌሎቹን ሁሉ ያስቆማል። በእጅ ሲያሂዱት የሚሠራው በክሮን (ፕሮግራምን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሣው) እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ የክሮን ፓዝ (ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) አጭር ስለሆነ ነው፤ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ ይጻፉ። በክሮንታብ (የክሮን መርሐ ግብር ፋይል) መስመር ውስጥ የፐርሰንት ምልክት አዲስ መስመር ማለት ነው፤ ቀን የሚያወጣ ትእዛዝ ካለዎት በባክስላሽ ይሸፍኑት። ሰርቨሩ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቆጥር እንደሆነም ይመልከቱ።

ከሁሉ የሚከፋው ዝምታው ነው፦ ጠባቂው ራሱ ቢሞት ኢሜይል አይመጣም፤ እርስዎም ሁሉ ደኅና ነው ብለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ በየሰኞው «አለሁ፤ ይህን ያህል ዶሜይን አየሁ» የሚል አንድ መስመር ይላክልዎ። ቁጥሩ ከደንበኞችዎ ቁጥር ካነሰ ስክሪፕቱ መሐል ላይ ወድቋል ማለት ነው።