ማስኩን ማን ያድርግ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጅማ ላይ ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሳል ሆነዋል። ታክሲው መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል፣ ቤቱም በሩን ዘግቶ ይውላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ማስክ ማድረግን ተማርን፤ ወረርሽኙ ሲበርድ ግን ከነጥቅሙ ጣልነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ሄርማታ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ጉንፋን ሲይዘኝ ማስክ ሳደርግ ደንበኞቼ «ምን ይዟት ነው?» ብለው ይርቁኛል። ብተወውስ?

እባክዎ አይተዉት። በርበሬ ስለሚሸጡ ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጆንያው ሲራገፍ ከባዱ እዚያው እግርዎ ሥር ይወድቃል፤ ደቃቁ ግን ሦስት አራት መደብ አልፎ ሰው ያስነጥሳል። ከአፋችን የሚወጣውም እንደዚሁ ነው። ስናስል ብቻ ሳይሆን ስናወራም ፍንጣቂ ይወጣል፤ ትልልቁ ቅርብ ይወድቃል፣ ደቃቁ አየር ላይ ይቆያል። ፍንጣቂው ከአፍ እንደወጣ ገና እርጥብና ትልቅ ስለሆነ ጨርቁ በቀላሉ ይይዘዋል። ከራቀ በኋላ እርጥበቱ ተንኖ ይደቅቃል፤ ያኔ መያዙ ይከብዳል። ስለዚህ ማስክ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የታመመው ሰው ሲያደርገው ነው። ሁሉንም አያስቀርም፤ በጣም ይቀንሳል እንጂ። ደንበኞችዎን «ለእናንተ ብዬ ነው» ይበሏቸው።

ባለቤቴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ አምስት ቀኑ ነው። ማስኩን እሱ ያድርግ ወይስ እኔ? ሳህኑንስ ልለይ? (ከጅረን)

ሳህን አይለዩ። የሳንባ ነቀርሳ በዕቃ አይተላለፍም፤ ለብቻ የቀረበ ሳህን የታመመን ሰው ልብ ይሰብራል። የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ጀርሙ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል።

ተራውን የሕክምና ማስክ ባለቤትዎ ያድርጉ። በደቡብ አፍሪካ አንድ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ የያዛቸው ሰዎች ከተኙበት ክፍል የሚወጣው አየር ጊኒ ፒግ ወደሚባሉ ትናንሽ እንስሳት እንዲሄድ ተደረገ። ታማሚዎቹ ማስክ ባላደረጉባቸው ቀናት የወጣውን አየር ከተነፈሱት 90 እንስሳት 69ኙ ተያዙ። ማስክ ባደረጉባቸው ቀናት የወጣውን ከተነፈሱት 90 ደግሞ 36ቱ። ልዩነቱን አስቡት፤ ያውም በተራ ማስክ!

እርስዎ ራስዎን ለመጠበቅ የሚያገለግልዎ ፊት ላይ ልክክ ብሎ የሚገጥመው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ነው፤ ቢያንስ 95 በመቶ ደቃቅ ብናኝ ያጣራል። ከዚያ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ብርዱን በጋቢ ይቻሉት። እርስዎና ልጆቹ ተመርመሩ። መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ የማስተላለፍ አቅሙ ቶሎ ይቀንሳል፤ ማስኩ የሚወልቅበትን ቀን ግን የጤና ባለሙያው ይንገራችሁ። ሳሉ ስለተወ መድኃኒቱ አይቋረጥ።

ቡና መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ለገለባው አቧራ የተሰጠኝ ማስክ ፊት ለፊቱ ትንሽ የፕላስቲክ ክብ አለው። ሳል ይዞኛል፤ ሆስፒታል የተኛ አባቴን ስጠይቅ እሱን ላድርግ?

አታድርግ። ያ ክብ ስትተነፍስ የሚከፈት መውጫ ነው። አቧራው ወዳንተ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ያንተን ትንፋሽ ግን ሳያጣራ ወደ አባትህ ይለቀዋል። መውጫ የሌለው ግዛ፤ ከተቻለህም ሳሉ እስኪለቅህ በስልክ ጠይቃቸው።

ሰማያዊውን ማስክ አጥቤ ባደርገውስ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አይሆንም። ከመካከለኛው ንብርብር ላይ ደቃቁን ብናኝ ስቦ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አለ፤ ውኃና ሳሙና ያጠፋዋል። ከረጠበ ቀይሪው። ሰማያዊው ወደ ውጭ፣ ሽቦው አፍንጫ ላይ ተጫን ተደርጎ ይታሰራል። አፍንጫን ትቶ አፍን ብቻ መሸፈን በሩን ዘግቶ መስኮቱን ለሌባ እንደመተው ነው።

ለአንድ ዓመት ልጄስ?

በፍጹም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ አይደረግም፤ ሊያፍነው ይችላል። ይልቅ ማስኩን እርስዎ ራስዎ ያድርጉ።

ለቅሶ ቤት በነጠላዬ አፌን ብሸፍን ይበቃል?

ነጠላዎን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት፤ ብርሃኑ እንዲሁ ያልፋል። ደጋግሞ ማጠፍ ከምንም ይሻላል፣ ነገር ግን ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፣ እያዘኑ ሳለም ይንሸራተታል። እያሳለዎት ከሆነ ማስኩን አድርገው ነጠላውን ከላይ ይደርቡት፤ ማንም አይታዘብዎትም። ድንኳን የሚተክሉትንም ወጣቶች ሁለቱን ጎን ክፍት እንዲተዉ ይንገሯቸው፤ ዝናብ ከመጣ የሚነፍስበትን በኩል ብቻ ያውርዱ።