«ሮሮ» ወይስ «እሮሮ»? ቅሬታስ ይቀርባል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። በቀደም ማታ ዜና ላይ ሰዎች ስለ ኑሮ ውድነት ሲናገሩ ሰማሁ። ዜና አንባቢው ሲጀምር “ነዋሪዎች ቅሬታ አቀረቡ” አለ። መሀል ላይ “አቤቱታቸውን አሰሙ” አለ። ሲጨርስ ደግሞ “የነዋሪዎቹ እሮሮ” አለ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ያሉትም ያው ነው፤ ሽንኩርት ተወደደ ነው ያሉት። ሦስቱ ቃላት አንድ ናቸው ወይ? እኔም ለአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ዜናውን በማስታወቂያ እየቆራረጠ አስቸግሮናል። ርዕሱን “የተመልካች እሮሮ” ብዬው ነበር። ባለቤቴ “ሮሮ ነው እንጂ እሮሮ የሚባል ነገር የለም” ብሎ ሰረዘብኝ። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። እኔም በተማሪዎች ወረቀት ላይ ያቺን «እ» በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ነው የኖርኩት። ግን ባለቤትዎ ገና አይፎክሩ። ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ እንደ አጀማመሩ አይሆንም።

ይህቺ «እ» ከየት መጣች? የአማርኛ አፍ ቃልን በ«ር» መጀመር አይወድም። ርስት፣ ርግብ፣ ርዳታ፣ ርምጃ ብለን እንጽፋለን። ስንናገር ግን እርስት፣ እርግብ፣ እርዳታ፣ እርምጃ ነው የምንለው። ስንፍና አይደለም። የሳድስ አናባቢ ደካማ ናት። ከ«ር» ኋላ መቆም ሲያቅታት ቀድማ ትወጣና ከፊት ትቆማለች። ቦታ ቀየረች እንጂ የተጨመረ ነገር የለም። «ሮ» ግን ሳብዕ ነው፤ የራሱ ሙሉ አናባቢ አለው፤ ደጋፊ አይፈልግም። ስለዚህ በ«እሮሮ» ላይ ያለችው «እ» ሥራ ሳትሠራ ደመወዝ የምትበላ ናት።

አሁን ወደ ችግሩ። ትናንት ማታ ቤቴ «እራት ቀርቧል» ተባለ፤ ተነስቼ ሄድኩ። በሕጌ መሠረት «ራት» ነበር መባል ያለበት፤ «ራ» ራብዕ ነውና። ግን ባለቤቴ «ራት ቀርቧል» ብትለኝ የተቀየመችኝ ይመስለኛል። «እሩቅ ነው»፣ «እራሴን አመመኝ» የማይል የከተማ ሰው አላውቅም፤ እኔን ጨምሮ። ዛሬማ «እረሳሁት» ብሎ የሚጽፍም ሞልቷል። አንድ የማከብራቸው የቋንቋ ሰው አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። «ሕዝቡ በ“እ” ከተናገረው በ“እ” ይጻፍ፤ ምን ያጨቃጭቃል?» ይላሉ። በአፍ ይሁን እላለሁ። በጽሑፍ ግን «ሮሮ» ሁለት ፊደል ብቻ ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን እየመሰለ ሲታይ ያምራል። ከማማሩ ሌላ ብዙም ማስረጃ የለኝም። ጋዜጣው «እሮሮ»ን እያተመ ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት ማርክ መቀነስ ካቆምኩ ሰነባብቻለሁ።

ዋናው ጥያቄዎ ሌላኛው ነው። ሦስቱ ቃላት አንድ አይደሉም። የሚለያያቸው ግን የምሬቱ መጠን ሳይሆን ሰሚው ነው።

አቤቱታን እንይ። አማርኛ አንድ የምወዳት ባዕድ መድረሻ አለችው፤ «ታ»። ከግስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአፍ ከወጣ ድምፅ ጋርም ትጣበቃለች። «ዝም» ብሎ «ዝምታ»። «እልል» ብሎ «እልልታ»። «እፎይ» ብሎ «እፎይታ»። «ዋይ» ብሎ «ዋይታ»፣ «ኡኡ» ብሎ «ኡኡታ»። «ምን ይሉኝ» ከሚለው ጭንቀት «ይሉኝታ»ን ያወጣችውም እሷ ናት። ሰው የተናገረውን ትይዝና ስም ታደርገዋለች። አቤቱታም «አቤቱ» ያለ ሰው ድምፅ ነው። «አቤቱ» ዳዊት ደጋሚው ፈጣሪውን የሚጠራበት ቃል ነው። ልጅ ኢያሱ «አቤቶ ኢያሱ» ይባሉ የነበረበት ማዕረግም የዚሁ ዘመድ ነው። ከጌታ፣ ከባለሥልጣን ጋር የተያያዘ ቃል ነው ማለት ነው።

«አቤት»ም አለ። ልጅ ሆነን ስንጠራ «ምን?» ካልን «አቤት በል!» ተብለን እንቆነጠጥ ነበር። የሚገርመኝ፣ ይህ ቃል ለተጠራውም ለተበደለውም አንድ መሆኑ ነው። የተጠራ «አቤት» ይላል። የተበደለም ዳኛ ፊት «አቤት» ይላል። በሁለቱም ወገን ከፊት የቆመ ሰው አለ። «ለማን አቤት ይባላል?» የምንለውም ሰሚው ሲጠፋብን ነው። ሰሚ ከሌለ አቤቱታም የለም። የሕግ ሰዎች ይህ ገብቷቸዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ላይ «አቤቱታ የማቅረብ መብት» ይላል። እዚያ ላይ «ቅሬታ» ቢል ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቁጣ ነበር የምጽፈው።

ስሞታ ደግሞ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ልጅ እናቱ ዘንድ ሮጦ «እሱ መታኝ» ሲል ስሞታ ነው። ተናጋሪ፣ ሰሚ፣ የሚነገርበት። ቃሉ ከ«ሰማ» ነው፤ እንደ «ሰጠ» እና «ስጦታ»።

ሮሮ ሰሚ አይመርጥም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ለፊተኛውም ለኋለኛውም ለሰማዩም ይናገራል። አንዱ ስለ መብራት ይጀምራል፤ ሌላው ስለ ዘይት ይቀበላል፤ ሦስተኛው «ቴሌቪዥኑስ ብትሉ፣ ልጆቻችንን አማርኛ አስረሳብን እኮ» ይላል። ማንም ማንንም አይከስም። ታክሲው ሲመጣ ሁሉም ይሳፈራል። ሮሮ ማለት ይህ ነው፤ ብዙ አፍ ይፈልጋል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ቃል ደረስን። ቅሬታ።

እኔ ቅሬታ ከ«ቀረ» ነው ባይ ነኝ። ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ሰው አስታርቀው ሲያበቁ «ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። «ሳይነገር ሆድህ ውስጥ የቀረ አለ ወይ?» ማለታቸው ነው። እነ ድንቅነሽ የሚጠሩበት «ቅሪተ አካል» የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ድንቅነሽ ሐዳር አፈር ውስጥ ቀርታ በ1967 ዓ.ም. ተገኘች። የኔና የርስዎ ቅሬታ ደግሞ ሆዳችን ውስጥ ቀርቷል፤ ቆፋሪ አልመጣለትም።

ያው የማከብራቸው ሰው እዚህም አይለቁኝም። «ቅሬታ ከ“ቅር አለኝ” ነው፤ “ቅር”ም ከ“ቀረ” ጋር ምንም ዝምድና የለውም» ይላሉ። ማስረጃቸው ጠንካራ ነው፤ መካድ አይቻልም። ከ«መጣ» «ምጥት አለ» ይወጣል። ከ«ቀረ»ም የሚወጣው «ቅርት አለ» ነው፤ «በዚያው ቅርት አለ» እንላለን። ታዲያ «ቅር አለኝ» ላይ «ት» የት ሄደች? ቀጥለውም «ከ“ግድ” “ግዴታ” እንደወጣ ከ“ቅር” “ቅሬታ” ወጣ» ይሉኛል። እኔ በበኩሌ «ከ“ሆነ” “ሁኔታ” እንደወጣ ከ“ቀረ” “ቅሬታ” ወጣ» እላቸዋለሁ። አንድ እኩል ነን። «ት»ን በተመለከተ፣ ወድቃ ጠፍታለች ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ ቢሉኝ ጆሮዬ ነው። ጆሮ ማስረጃ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ብቻ ያ የሽማግሌዎች ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም።

የትኛውም ሥር ይሁን፣ ቅሬታ የስሜት ስም ነው። ስሜት ደግሞ ያድራል፣ ይሰማል፣ ይኖራል። «ቅሬታ አለኝ»፣ «ቅሬታ ተሰማው»፣ «ቅሬታ አደረበት» ብለን ነው ያደግነው። የሚቀርበው ማመልከቻ ነው፤ ራትም ይቀርባል። (ይኸው፣ ስጽፍ «ራት» አልኩ።) «ቅሬታ አቀረበ» የቢሮ ልጅ ነው። ከቢሮ ወደ ሬዲዮ ገባ፣ ከሬዲዮ ወደ ሁላችንም አፍ። አሁን አሁን «ቅሬታ አነሳ» የሚልም መጥቷል፤ ዕቃ ይመስል።

ጋዜጠኞቻችን ለምን እንዲህ ወደዱት? ግምቴን ልንገርዎ። ቅሬታ ለስላሳ ነው። «የነዋሪዎች ሮሮ» ካልክ አገር የተንጫጫ ይመስላል። «አቤቱታ» ካልክ «ለማን? መልሱስ?» ተብለህ ትጠየቃለህ። «ቅሬታ» ካልክ ግን ማንም አይደነግጥ፣ ማንም መልስ አይጠበቅበት። ዜናው ተነቦ ወደ ስፖርት ይታለፋል። እርስዎ የሰሙት ዜና አንባቢ ሦስቱንም ያፈራረቀው ግን ለተንኮል አይመስለኝም። አንድ ቃል እንዳይደጋገም ተብሎ ነው። ትምህርት ቤት «ቃል አትድገሙ» ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

በነገራችን ላይ ለሽንኩርቱ የሚስማማው አራተኛ ቃል ነበር፤ ብሶት። ከ«ባሰ» ነው። ውስጡ ንጽጽር አለ፤ ከትናንቱ የዛሬው ባሰ ማለት ነው። «የባሰ አታምጣ» የምንለው፣ «ሆድ ባሰኝ» የምንለው ከዚሁ ነው። ሰዎቹ «አምና በዚህ ብር ይህን ያህል እንገዛ ነበር» ካሉ ያሉት ብሶት ነው። ግን ብሶት ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ከበደ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሬዲዮ አጠገብ የነበረ ሰው «ብሶት የወለደው» የሚለውን የኢሕአዴግ ሠራዊት አዋጅ አይረሳም። ሠራዊት የወለደን ቃል ለሽንኩርት ማዋል ይከብዳል መሰለኝ፤ ዜና ክፍሎች ሲሸሹት አያለሁ።

እንጉርጉሮንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ለብቻ የሚባል ነው፤ ሰሚው ራስ ነው። ዛሬ «አንጎራጎረ» ሲባል ዘፈን ነው የሚታወሰን። በኦሪት ዘፀአት ግን እስራኤል ውኃ ጠምቷቸው በሙሴ ላይ «አንጎራጎሩ» ይላል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ። ማጉረምረምና ማዜም አንድ ቃል ውስጥ የሚያድሩበት ቋንቋ ነው ያለን። ወጣቶቹ ለዚህ ሁሉ «ጨስኩ» ብለው ይገላገሉታል። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ «ኮምፕሌን አደረግሁ» ይሉኛል። ስልኩን ዘግቼ ነው የማጉረመርመው።

ቢሮን ሁሉ አልወቅስም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 211 ኦምቡድስማን የሚለውን የስዊድን ቃል «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» ብሎታል። ከዚህ የተሻለ ትርጉም በመንግሥት ወረቀት ላይ አላየሁም። ቀልደኞች «ጠባቂ ማለት እንባው እስኪፈስ የሚጠብቅ ነው ወይስ እንዳይፈስ የሚጠብቅ?» ይላሉ። ቃሉ ሁለቱንም ይችላል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው።

እኔ ራሴ «ቅሬታ አቀረበ»ን እንዴት እንደተቀበልኩት ልንገርዎና ላብቃ። አንድ መሥሪያ ቤት በስሜ ላይ ያለውን ፊደል አሳስቶ ጻፈብኝ። ለማስተካከል ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን «ቅሬታ ሰሚ» የሚል ክፍል ጠቆሙኝ። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ቁልፉን የያዘው ልጅ የለም» ይላል። ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት «አንተስ ምን ልታቀርብ ነው?» አሉኝ። «ቅሬታ ላቀርብ» አልኩ። ከአፌ ወጣ። ልጁ ሳይመጣ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ቅሬታዬም እኔ በምለው ትርጉም ቅሬታ ሆኖ ቀረ።

ወደ ደብዳቤዎ ስመለስ፣ ርዕሱን «አቤቱታ» ይበሉት። ጣቢያው ስምም አድራሻም አለው፤ ለማን እንደሚናገሩ ያውቃሉ። «የተመልካች ሮሮ» ማለት ከፈለጉ ግን ጎረቤቶችዎን ያስፈርሙ። እኛም ቤት ዜናው የሚቆረጠው ወሳኝ ቦታ ላይ ሲደርስ ነውና የኔንም ስም ከፈራሚዎቹ ጋር ይጨምሩልኝ።