ታፔላው ላይ የሚጻፈው ቁጥር

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ የነጋዴ ሂሳብ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ወጣቶች ሱቅ ሊከፍቱ ሲሉ ወደ እኔ ብቅ የሚሉት ስለ ግብር ሊጠይቁ ነው። ስለ ስልክ ቁጥር የሚያማክረኝ የለም። እኔ ግን ታፔላው ሳይሰቀል፣ ደረሰኙም ሳይታተም በፊት "ለመሆኑ የማንን ቁጥር ነው የምትጽፉት?" ሳልል አልለቃቸውም።

አብዛኞቻችሁ የምትጽፉት ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ሲም ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ የያዛችሁትን፣ እናታችሁም ጓደኛችሁም የሚደውሉበትን። መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ሲያድግ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ደንበኛ ይደውላል። ሱቁን ለእህታችሁ ትታችሁ ዕቃ ልትጭኑ አዲስ አበባ ስትወርዱ ስልኩም አብሯችሁ ይሄዳል፤ የሚደውለው ሰው ዋጋ የሚጠይቀው መርካቶ መሀል የቆማችሁትን እናንተን ነው። ቴሌብር ላይ ደግሞ የደንበኛው ብርና ወንድማችሁ የላከው ብር ተደባልቆ ይገባል። ያንን በዓመቱ መጨረሻ አንድ በአንድ የሚለየው እንደ እኔ ያለው ምስኪን ነው። ስለዚህ ሥራው የራሱ ሲም ይኑረው። አብሽሩ፣ ብዙ ወጪ የለውም፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሞልቷል። ለክፍያውም የነጋዴ አካውንት አውጡ።

ሲሙ በማን ስም ይወጣል? እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። አንድ የማውቀው የሕንፃ መሣሪያ መደብር በሠራተኛው ስም በወጣ ቁጥር ለዓመታት ሲሠራ ኖረ። ቁጥሩ ታፔላው ላይ አለ፣ ደረሰኙ ላይ አለ፣ የአይሱዙው በር ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ልጁ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ ሲሙንም ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የአምባሰልና የወረባቦ ደንበኞች የድሮውን ቁጥር ይደውላሉ፤ የሚያነሳው እሱ ነው። ሰረቀ ልትሉት አትችሉም፤ መዝገቡ ላይ ቁጥሩ የሱ ነው። በሽርክና የምትሠሩ ከሆነማ ከመጀመሪያው ንግድ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ በድርጅቱ ስም አውጡት።

"ጋሼ፣ መደበኛ ስልክ ዛሬ ማን ያስገባል?" ትሉኛላችሁ። አትናቁት። 033 የሚለው የመደበኛ ስልክ ኮድ የኛ ነው፤ የደሴም፣ የኮምቦልቻም፣ የወልዲያም፣ የላሊበላም። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ እሱን ሲያይ ቢሮ ያለው፣ ነገ ቢፈልገው የሚያገኘው ሰው እንደሆነ ያስባል። ለክሊኒክ፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ይሆናል። ሠራተኛ ቢቀያየርም ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

መቅረቱ ግን ጉዳትም አለው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ሸሸ። መደበኛው ስልክ እዚያው ቀረ። ሞባይል የያዘው ነጋዴ ግን ካረፈበት ሆኖ ከአቅራቢውም፣ ዱቤ ከወሰደበት ደንበኛም ጋር ይነጋገር ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለትንሽ ሱቅ ሞባይል ይቀድማል። ቢሮ ያለው ሁለቱንም ይያዝ።

የወሎ ነጋዴ የሚረሳው አንድ ደንበኛ ደግሞ አለ፤ ዐረብ አገር ያለው። ጅዳ ሆና ባቲ ላሉት እናቷ ጤፍና ዘይት የምታዝዝ ልጅ ገንዘቧ ከማንም አያንስም። ለሷ ቁጥሩ በ+251 መጻፍ አለበት፤ ከፊት ያለው ዜሮ ይወጣል። 033 የነበረው +251 33 ይሆናል ማለት ነው። ከመደወልም ይልቅ ኢሞ ወይም ዋትስአፕ ነው የምትመርጠው። ባንኮች የሚይዙት ባለ ሦስትና አራት አሃዝ አጭር ቁጥር ለሷ አይሠራላትም። ነጻ የጥሪ መስመርም ቢሆን ሂሳቡን የሚከፍለው ተደዋዩ ስለሆነ ለኢንሹራንስ እንጂ ለጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አይመከርም።

ሞባይሉ በ09 (የኢትዮ ቴሌኮም) ይሁን በ07 (የሳፋሪኮም) የሚለውን ደንበኞቻችሁን ጠይቁ፤ ሱቃችሁ ውስጥ ገብታችሁም ኔትወርኩን ሞክሩት። ልዩ ቁጥር ተብሎ በውድ የሚሸጠው ደግሞ መኪና ላይ ለምትጽፉ ካልሆነ ብሩ ለዕቃ ይሻላል።

አንዴ ከመረጣችሁ አትቀይሩ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ቁጥሩ በአገር ደረጃ ከስድስት ወደ ሰባት አሃዝ ሲያድግ የኛም ኮድ ከ03 ወደ 033 ተለወጠ። ያኔ የታተመ ደረሰኝ ሁሉ ላይ አሮጌውን በእስክሪፕቶ እየሰረዝን አዲሱን ከላይ ስንጽፍ ከረምን። ያ የመንግሥት ለውጥ ስለነበር ደንበኛውም ያውቀዋል። እናንተ ብቻችሁን ስትቀይሩ ግን የሚነግርላችሁ የለም። ሥራ ቢቀዘቅዝ እንኳ ሲሙ ላይ ካርድ ሙሉ፣ አልፎ አልፎም ደውሉበት። ለረጅም ጊዜ ዝም ያለ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል።