ከሐረማያ ሐይቅ ለምትማሩ ልጆች

ልጆቼ፣ የአካባቢ ጥናት ልትጀምሩ ላላችሁ ነው የምጽፈው። እኔ የአፈር ሰው ነኝ። ግን ዛሬ ስለ አፈር ብቻ ባወራችሁ አልጠቅማችሁም፤ ስለ ሐረማያ ሐይቅ ላውጋችሁ።

ሐይቁ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው። ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ ይሰጥ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደረቀ።

ለምን? የእኔን ሙያ ሰው ብትጠይቁ፣ ዙሪያው ያለው ተራራ ስለተራቆተ ጎርፍ ደለል ሞላበት ይላችኋል። ልክ ነው። ጥልቀቱ የቀነሰ ሐይቅ በፀሐይ ቶሎ ያልቃል። የውሃ መሐንዲሱ ደግሞ ወደ ሞተር ፓምፑ ይጠቁማል። እሱም ልክ ነው። ገበሬው ግን ፓምፑን ለምን ገዛ? ጫት በበጋ ውሃ ካገኘ በበጋም ይቆረጣል፤ ዋጋው የሚሰቀለውም ያኔ ነው። ማሽላ እንደዚያ አያዋጣም። አንዱ ሞተሩን ቢያጠፋ፣ የተረፈውን ውሃ ጎረቤቱ ይስበዋል። ስለዚህ ማንም አያጠፋም። ውሃው ሲሸሽ ቱቦ ይቀጠላል። ቱቦው ሳይደርስ ሲቀር ሐይቁ የነበረበት መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል። ይህን የትኛውም የአፈር ናሙና አይነግራችሁም። የገበያ፣ የሕግ፣ የመሬት ጉዳይ ነው።

ሐይቁ ከዓመታት በኋላ እንደገና ውሃ ይዟል። ደስታዬ ትልቅ ነው። ግን ጫቱም ሞተሩም አሁንም እዚያው ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ሙያ አጥብቃችሁ ያዙ። የራሱ ሙያ የሌለው ሰው ለሌላው የሚያካፍለው የለውም። ከዚያ ከኢኮኖሚክሱም ከሕጉም ተማሪ ጋር አብራችሁ መስክ ውጡ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሌላ ትምህርት ክፍል ሰው ስም መጨመር አብሮ መሥራት አይደለም። ጥያቄውን ገና ስታወጡ ጀምሮ አብራችሁ ተቀመጡ። ከተቻለ ከሁለት ትምህርት ክፍል ሁለት አማካሪ ጠይቁ። ቢሮክራሲው ያደክማል፣ ግን ጠይቁ።

አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ ተማሩ። የሐይቁ ዙሪያ ገበሬ በአስተርጓሚ የሚነግራችሁና ሻይ እየጠጣችሁ በቋንቋው የሚነግራችሁ አንድ አይደለም። ደግሞ መጠይቅ ሞልታችሁ አትጥፉ። መመረቂያ ጽሑፋችሁን ከማቅረባችሁ በፊት ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን ንገሯቸው። የተሳሳታችሁትን ያርሟችኋል፣ ለማረምም ጊዜው ገና አለ።