ዓሣ ነባሪና ጉጉት ተርባይን ላይ ምን ይሠራሉ? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት የነፋስ ተርባይን ክንፍ በገመድ ተንጠልጥዬ ስጠግን ኖሬያለሁ። ከተፈጥሮ ስለሚቀዳ የክንፍ ዲዛይን ጠይቁኝ። ስለ ደሞዝና ስለ ቪዛ አልመልስም። እቤት የምትሞክሩ ደግሞ፣ ክንፉ በሚሽከረከርበት መስመር ላይ አትቁሙ። ደጋግሜ እለዋለሁ።

ተማሪዋ፦ ኢንጂነር፣ የዓሣ ነባሪው ነገር እውነት ነው?

መልስ፦ ኢንጂነር አትበይኝ፣ ጠጋኝ ነኝ። ጥያቄሽ ግን የኔ ነው። ፍራንክ ፊሽ የሚባል አሜሪካዊ የባዮሎጂ ተመራማሪ አለ (ፊሽ ማለት ዓሣ ነው፣ እኔ የለሁበትም)። ቦስተን ውስጥ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገብቶ የሐምፕባክ ዓሣ ነባሪ ቅርጽ ያያል። የመቅዘፊያዋ የፊት ጠርዝ ላይ እብጠቶች ተደርድረዋል። ቀራጩ ተሳስቷል አለ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ግን አልተሳሳተም አሉት። ልክ ነበሩ።

ለምን ገረመው? የፊት ጠርዝ ለስላሳ ይሁን ተብሎ ስለሚታመን ነው። እጅሽን በመኪና መስኮት አውጪ። መዳፍሽን ትንሽ ቀና ስታደርጊው ወደ ላይ ይነሳል፣ በጣም ስታቀኚው ማንሳቱ ይቀርና ወደ ኋላ ብቻ ይጎትትሻል። ስቶል እሱ ነው፤ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ተላቀቀ ማለት ነው። በእብጠቶቹ መሃል የሚያልፈው አየር ግን ትንንሽ አዙሪት ይሠራል፣ አዙሪቱም አየሩን ክንፉ ላይ ለጥፎ ያቆየዋል። የፊሽ ቡድን የመቅዘፊያውን ሞዴል በነፋስ ዋሻ (ነፋስ በሚለቀቅበት መሞከሪያ ቱቦ) ሞክሮ በ2004 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጣ፣ ስቶል የሚጀምርበት አንግል በ40 በመቶ ገደማ ተገፍቶ ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ 40 በመቶ የአንግሉ ነው፣ የመብራቱ አይደለም! ዓሣ ነባሪዋ እብጠቱ የሚጠቅማት ትንንሽ ዓሣ ለመክበብ ጠበብ አድርጋ ስትታጠፍ ነው። ትልቅ ተርባይን ግን እያንዳንዱን ክንፍ ሥሩ ላይ እያጠማዘዘ አንግሉን ራሱ ያስተካክላል፣ ስቶል ውስጥ ብዙም አይገባም። ድንገተኛ ነፋስ ሲመታው ወይም ክንፉ እንዲህ የማይጠመዘዝ ትንሽ ተርባይን ሲሆን ሌላ ነገር ነው። እንስሳው ምን ቸግሮት እንደሆነ ሳትጠይቁ መፍትሔውን አትስረቁ።

ሚኪ፦ የትኛው እንስሳ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን?

ሚኪ፦ ለተርባይን።

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የደብረ ብርሃኗ፦ ጋሼ፣ ጉጉትስ?

መልስ፦ ጉጉት አይጥ ሳትሰማ መድረስ አለባት። ላባዋ የፊት ጠርዙ ላይ ማበጠሪያ፣ የኋላ ጠርዙ ላይ ዘርፍ አለው። ትልቁ የተርባይን ጩኸት የሚወጣውም ከክንፉ ጫፍ አካባቢ፣ ከኋላ ጠርዙ ነው። ስለዚህ እዚያ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ነገር ይለጠፋል። ተርባይን አምራቹ ሲመንስ «ዳይኖቴይልስ» ይለዋል። ጩኸቱን ሁለት ሦስት ዴሲቤል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፣ አጠገቡ ለሚተኛ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። አጠገቡ የሚተኛ ከሌለ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ነገረኛው፦ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ማስታወቂያ ነው። መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ የነፋስ ጣቢያ ላይ ባለ ሁለት ክንፍ ተክለው የለ? ከየትኛው እንስሳ ቀዱት?

የመቀሌ ልጅ፦ ሁሉም ባለ ሁለት አይደለም። ከ84ቱ 30ዎቹ ብቻ ናቸው፣ 54ቱ ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው።

ነገረኛው፦ ባለ ሁለቱ ርካሽ ስለሆነ ነው የመጣው።

የመቀሌ ልጅ፦ ርካሽና ክብደቱ ቀላል ማለት አንድ ነው እንዴ? ለክሬን በሚያስቸግር ቦታ ቀላል ነገር ጥሩ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ። ወፍ ሁሉ ሁለት ክንፍ ነው ያለው፣ በቃ።

ሳሚ፦ የሻርክ ቆዳስ?

መልስ፦ አውሮፕላን ላይ ይሠራል። ተርባይን ላይ ግን ቆዳውን አስመስለው የሚሠሩትን ቀጫጭን ቦዮች አቧራና ነፍሳት ይሞሏቸዋል። እለፍ።

አስቴር፦ ወፎቹስ? ጥንብ አንሳ እየተመታ ነው ይባላል።

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱን ክንፍ ጥቁር ቀቡት። ኖርዌይ ስሞላ ላይ በ4 ተርባይኖች ተሞክሮ የሚሞቱት ወፎች ከ70 በመቶ በላይ ቀነሱ። አራት ብቻ ናቸው፣ በልኩ ውሰጂው።

የአዳማ ልጅ፦ እኛ ጋስ ምን ይጠቅማል? ከፍታ ላይ ነን።

መልስ፦ በመጨረሻ ጥያቄ መጣ! ከፍታችሁ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በዚያው የነፋስ ፍጥነት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከ15 በመቶ በላይ ኃይል ታጣላችሁ። ይህን የሚክስ እብጠት የለም፣ የሚክሰው ረዘም ያለ ክንፍ ነው። ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የትልቅ ክንፍ ጫፍ በሰዓት ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ የአሸዋ ፍሬና የዝናብ ጠብታ እዚያ ላይ እንደ ጥይት ነው። ያረጀ ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ ጣቴን ሳስኬድ መጀመሪያ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ወደ ጫፉ ስጠጋ ቀለሙ አልቆ ፋይበሩ ጥፍሬን ይይዘዋል። እንዲህ የተበላ ክንፍ ላይ የዓሣ ነባሪ እብጠት ማውራት ጎማው ያለቀ መኪና ላይ ስፖይለር መግጠም ነው። መጀመሪያ ጠርዙን ጠግኑ።

ሚኪ፦ ስለዚህ እብጠቱ 40 በመቶ መብራት ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ለሁለተኛ ጊዜ። አንግል ነው።

ዮኒ፦ እኔ ከፕላስቲክ ቱቦ ክንፍ ሠርቼ እብጠት በማጣበቂያ ለጠፍኩበት። ቪዲዮውን ልኬልሃለሁ፣ እየው።

መልስ፦ አየሁት። እብጠቶቹ ከኋላ ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ገልብጠኸዋል። ማጣበቂያው ደግሞ ሲሽከረከር ይለቃል። እና ከጎኑ ቆሞ የሚስቀው ልጅ ማነው? አውጣው ከዚያ!