ትኋንና ኪራይ ቤት፦ ከጎንደር ተከራዮችና አከራዮች ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራኪ አካባቢ ነው የተከራየሁት። አከራዬ «ትኋኑን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ የመድኃኒቱን ክፈይ» አሉኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማን እንዳመጣው ማረጋገጥ ከባድ ነው። በሻንጣም፣ በአሮጌ አልጋም፣ በግድግዳ ስንጥቅም ይገባል። ሳይበላ ወራት ስለሚቆይ ባዶ የከረመ ክፍልም አያስተማምንም። መጀመሪያ ጎረቤቶችሽን ጠይቂ። እነሱም ጋ ካለ ነገሩ የግቢው ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ሳይ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ደላላው ቢያጣድፍህም አትቸኩል። የስልክህን መብራት አብራና የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የኮርኒሱን ጠርዝ፣ ምስማር የተነቀለበትን ቀዳዳ እይ። ስክሪብቶ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ኩስ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ረጨሁ፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

መልስ፦ እንቁላሉ ነዋ! ብዙ መድኃኒት እንቁላሉን አይገድልም፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም የግድ ነው። ያንተን ክፍል ብቻ ከረጨህ ደግሞ በግድግዳው ወደ ጎረቤት ይሻገርና ቆይቶ ይመለሳል። ጋዝ ግን እንዳትረጭ፣ ቤት ያቃጥላል። ለብረት አልጋና ለልብስ የፈላ ውሃ ይሻላል። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትኋን 50ንም አይችል።

ጥያቄ፦ በሽታ ያስተላልፋል?

መልስ፦ እስካሁን አልተረጋገጠም። እከኩና እንቅልፍ ማጣቱ ግን አይበቃም?

ጥያቄ፦ አዘዞ ክፍሎች አከራያለሁ። ወጪው የኔ ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ እኔን ከጠየቁኝ አዎ፣ የእርስዎ ነው። ደግነት አይምሰልዎት፣ ስሌት ነው። ተከራይ «ትኋን አለ» ባለ ቁጥር ገንዘብ የሚጠየቅ ወይም «ውጣ» የሚባል ከሆነ ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ግቢው በሙሉ ይወረራል፣ ወጪዎም ይበዛል። ኒው ዮርክ ከተማ አከራይ ቤቱ ባለፈው አንድ ዓመት ትኋን ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ለአዲስ ተከራይ በጽሑፍ ያሳውቃል። የፈረንሳይ ሕግም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተባይ የጸዳ ቤት እንዲያከራዩ ያስገድዳል። የኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢሆን ቤቱን ለመኖሪያ ምቹ አድርጎ ማስረከብን የአከራይ ግዴታ ያደርገዋል። እርስዎ ውሉ ላይ ይጻፉበት፦ ተከራይ እንዳየ ይናገራል፣ እርስዎ ግቢውን በአንድ ቀን ያስረጫሉ፣ እሱ ዕቃውን አንስቶ ልብሱን ይቀቅላል።

ጥያቄ፦ ፍራሼን ልጣለው?

መልስ፦ ቶሎ አትጣል፣ ስፌቱን በደንብ አጽዳው። የግድ ከሆነ ቀደህ ጣለው፤ እንዳለ በር ላይ ከተውከው ሌላ ሰው ይወስደዋል።