የሳን ሎሬንሶ ታሪክ፦ ጥያቄና መልስ

በአርጀንቲና ስለሚገኘው ስለ ቦነስ አይረሱ የሳን ሎሬንሶ እግር ኳስ ክለብ ለቀረቡት ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፦ አልማግሮ ክለቡ የተወለደበት፣ ቦኤዶ ያደገበት፣ ባሆ ፍሎሬስ ደግሞ ዛሬ የሚጫወትበት ሰፈር ነው። ሦስቱን የሚቀላቅል ሰው የዚህን ክለብ ታሪክ ሊረዳው አይችልም።

ጥያቄ፦ ክለቡን የመሠረተው ቄስ ነው የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ የመሠረቱት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ካህኑ ያስጠለሏቸው ናቸው። ልጆቹ በአልማግሮ ጎዳና ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በትራም ከመገጨት ለጥቂት መትረፉን ያዩት የካቶሊክ ሳሌዥያን ማኅበር ካህን አባ ሎሬንሶ ማሳ፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ እስካስቀደሱ ድረስ በቤተ ጸሎቱ ግቢ እንዲጫወቱ ፈቀዱላቸው። ኤፕሪል 1 ቀን 1908 ክለቡ ሲቋቋም ልጆቹ በካህኑ ስም ሊጠሩት ፈለጉ፤ እርሳቸው ግን ለራሳቸው ክብር እንዲውል አልፈቀዱም፤ ስሙ የቅዱስ ሎሬንሶ፣ እንዲሁም የአርጀንቲና የነጻነት ጀግና ጄኔራል ሳን ማርቲን በ1813 ድል ያደረጉበት የሳን ሎሬንሶ ውጊያ መታሰቢያ እንዲሆን ብቻ ተስማሙ። ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ «ቁራዎች» የሚባሉትም ከካህናቱ ጥቁር ልብስ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ አልማግሮ የሚባለው ክለብና ሳን ሎሬንሶ አንድ ናቸውን?

መልስ፦ አይደሉም። ሁለት የተለያዩ ክለቦች ናቸው።

ጥያቄ፦ በክለቡ ታሪክ ምርጡ ተጫዋች ማን ነው?

መልስ፦ ጥያቄው መለኪያ የለውም። ግብ ማግባት ከሆነ ሆሴ ሳንፊሊፖ ከ1958 እስከ 1961 በተከታታይ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። አንድን ቡድን ከጠየቁኝ ግን የ1946ቱን ሻምፒዮን እመርጣለሁ። በፋሮ፣ በፖንቶኒና በማርቲኖ የሚመራው ያ ቡድን ወደ ስፔንና ፖርቱጋል ተጉዞ የስፔንን ብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ፣ 7 ለ 5 እና 6 ለ 1፣ አሸንፏል።

ጥያቄ፦ ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ ሱፐርማርኬት ኩባንያ ስታዲየሙን ከክለቡ ገዝቶ አፈረሰው ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ሆነ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አሮጌው ጋሶሜትሮ የሚባለው የክለቡ ስታዲየም በ1916 በቦኤዶ፣ በአቬኒዳ ላ ፕላታ ላይ ተከፈተ። እንጨት በብዛት የነበረበትና ወደ 75,000 ተመልካች የሚይዝ፣ ብሔራዊ ቡድኑም ይጫወትበት የነበረ ሜዳ ነው። ግቢው ኳስ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ሰው ይጨፍርበት፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወትበት፣ ልጆቹን ያሳድግበት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ክለቡ በዕዳ ተይዞ ነበር፤ ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት የሾማቸው ብርጋዴር ኦስቫልዶ ካቻቶሬ ነበሩ። በመሬቱ ላይ መንገድ ይወጣል፣ መኖሪያ ቤት ይሠራል በሚል ምክንያት ክለቡ ቦታውን እንዲለቅ ግፊት ተደረገበት። ዲሴምበር 2 ቀን 1979 ቦካ ከተባለው የከተማዋ ክለብ ጋር 0 ለ 0 የተለያየበት ጨዋታ የመጨረሻው ሆነ፤ በዚያ ቀን ኮሻ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የቦካው ግብ ጠባቂ ጋቲ አድኖታል። መሬቱ ወደ 900,000 ዶላር ገደማ ተሸጠ። የተባለው መንገድም ሆነ ቤት አልተሠራም፤ የቦታው አጠቃቀም ደንብ ተለወጠና መሬቱ ብዙ እጥፍ በሆነ ዋጋ ለካርፉር አለፈ። ስለዚህ «ካርፉር ከክለቡ ገዛ» ማለት የመካከሉን ድርጊት፣ ማለትም የሥልጣንን እጅ፣ ከታሪኩ ማውጣት ነው። እባካችሁ አታውጡት።

አንድ አባል፦ ክለቡ በ1981 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የወረደው ሜዳውን ስለተቀማ ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ዕዳውን ያከማቹት የክለቡ የራሱ መሪዎች ናቸው። ሁሉን ነገር በወታደሮቹ ላይ መለጠፍ የመሪዎቹን ጥፋት መሸፈን ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ዕዳ የነበረበት ክለብ እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ሜዳውን ያጣው ግን እርሱ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት ግማሽ ነው፤ በዚህ መንገድ ከቀጠላችሁ ግን ክርክሩ የፓርቲ ክርክር ይሆናል። ዕዳው በሩን ከፈተ፣ ግፊቱ በዚያ በር ገባ። በ1981 ውድድር የመጨረሻ ቀን ሳን ሎሬንሶ በአርሄንቲኖስ ጁኒየርስ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከአምስቱ የአርጀንቲና ታላላቅ ክለቦች የመጀመሪያው ወራጅ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት በሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲጫወት ግን በሰው ሜዳ፣ በኪራይ፣ የሚያስደንቅ ሕዝብ ይከተለው ነበር፤ በ1982ም ተመልሶ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ መውረዱ ሳይሆን ይህ ሕዝብ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስታዲየሙን ካርፉር የገዛው ከክለቡ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ በዝርዝር መልሻለሁ። እባክዎ ሳያነቡ አይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በእውነት ደጋፊ ነበሩን?

መልስ፦ አዎን፣ የተመዘገቡ አባልም ነበሩ። ክለቡ በ2014 የመጀመሪያውን የሊበርታዶሬስ ዋንጫ፣ ማለትም የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ፣ በተጫዋቹ ኦርቲጎሳ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያነሣ ልዑካኑ ዋንጫውን ይዘው ሮም ሄደዋል። «ዋንጫው በጸሎት መጣ» የሚለውን ግን ለታሪክ ጸሐፊ አታቅርቡ።

ጥያቄ፦ ክለቡ ከ1993 ጀምሮ አዲስ ስታዲየም አለው። ወደ ቦኤዶ መመለስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ አዲሱ ጋሶሜትሮ ያለው በባሆ ፍሎሬስ ነው፤ ሰፈሮቹን አትቀላቅሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ደጋፊዎቹ ሜዳ ስላጡ አይደለም የታገሉት፤ የተወሰደባቸው መሬት እንዲመለስ ነው። በማርች 2012 በከተማዋ መሐል ባለው አደባባይ በፕላሳ ደ ማዮ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 15 ቀን የከተማው ምክር ቤት የታሪካዊ መመለስ ሕግን አጸደቀ። ሕጉ ግን መሬቱን በነጻ አልሰጠም። ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተደርጎ አባላት በስማቸው ካሬ ሜትር እየገዙ ገንዘቡን አዋጡ፤ ቦታውም በጁላይ 2019 በክለቡ እጅ ገባ። የቀድሞ ሜዳውን በተወካዮች ሕግና በደጋፊ መዋጮ ያስመለሰ የሰፈር ክለብ ስንት እንዳለ አስቡ፤ እኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ አዲሱ የቦኤዶ ስታዲየም መቼ ያልቃል?

መልስ፦ ይህ የታሪክ ጥያቄ አይደለም። ቀጣዩን ጥያቄ አቅርቡ፤ ስለ 1968ቱ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ስለሆነው «ማታዶሬስ» ቡድን የሚጠይቅ ካለ በደስታ እመልሳለሁ።